የፒያኖ ተጫዋቿ ሁለተኛ ምስክር

ባሕር ዳር የሻሽወርቅ መርስዔ ኀዘንን አስቀድሞ ያወቃት በፒያኖ ሳይሆን በሳንቃ ነው።

በ1970 ዓ.ም. የአውራጃውን የኪነት ቡድን እንድታሠለጥን ተብላ ከአዲስ አበባ ስትዛወር፣ ከዕቃዋ መካከል አንድ ረጅም የዋንዛ ሳንቃ ነበር። ሳንቃው ላይ የፒያኖ ጥርሶች፣ ነጩም ጥቁሩም፣ በልካቸው ተስለውበታል። እውነተኛ ፒያኖ እስኪገኝላት ጣቶቿ እንዳይደርቁ ከሥራ መልስ በሯን ዘግታ እሱን ትመታለች። ከውጭ ለሚሰማው ዜማ የለውም፤ የጣትና የእንጨት ኳኳታ ብቻ ነው። አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ቆም ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ጎረቤት ጠረጠረ። ሴቶቹ «የደብተራ ልጅ አይደለች? የአባቷን ነው የምትደግም» አሉ። የቀበሌው ሰዎች ደግሞ «ፈረንጅ አገር የተማረች ሴት በር ዘግታ ቴሌግራም ትመታለች» አሉ። ሰው ለስብሰባ ተጠርቶ የሚቀርበት ዘመን ነበርና ሁለቱም ወሬ የሚያስቅ አልነበረም።

አንድ ከሰዓት የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሞዝ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ደሞዝ ከአብዮቱ በፊት የጀልባ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ሰውን ከእግር እስከ ራሱ የማየት ልማድ ከዚያው ሥራ ቀርቶበታል።

«ማሽኑን አውጪ» አለ።

«የምን ማሽን?»

«የምትመቺውን።»

ሳንቃውን አመጣችለት። ገለበጠው፤ ሽቦ ፈለገ፤ በጥፍሩ ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረገው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «እስኪ ምቺው» አላት።

መታችለት። ዝግ ያለ፣ ቡልጋርያ ውስጥ ሶፊያ ከተማ ለመመረቂያዋ የተጫወተችውን ነበር የመረጠች። ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው፣ ደሞዝ ጆሮውን ወደ እንጨቱ አዘንብሎ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ምንም አይሰማም» አለ።

«ለእኔ ይሰማኛል።»

«እሱ ነው የሚያስጠረጥረው። እኛ የማንሰማውን አንቺ ብቻሽን ትሰሚያለሽ!» ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ፊቱ ላይ አይነበብም ነበር። ሳንቃውን «ለምርመራ» ብሎ ወሰደው። በኋላ የቀበሌው ሱቅ ውስጥ የሳሙና መደርደሪያ ሆኖ አየችው።

የሻሽወርቅ የተወለደችው በ1932 ዓ.ም. ዘጌ ነው። አባቷ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የዜማ መምህር ነበሩ። ሴት ልጅ ከተማሪዎቹ መካከል አትቀመጥም፤ እሷ ግን ከቤቱ ጀርባ ጌሾ እየለቀመች ትሰማለች፤ ተማሪው ሲስት ከአባቷ እኩል ፊቷን ታጨማድዳለች። እናቷ ስትሞት አዲስ አበባ ያሉ አክስቷ ወሰዷት። አክስቷ አንዲት አርመናዊት የሙዚቃ መምህርት ቤት ያገለግሉ ነበርና ልጅቱ ፒያኖ የሚባለውን ያየችው እዚያ ነው። መምህርቷ ካስተማረቻቸው ሁሉ ኖታ ማንበብ እንደ የሻሽወርቅ ያስቸገረው አልነበረም። በአባቷ ቤት ዜማ የሚያዘው በቃል ነው፤ ከፊደሉ በላይ ያለው ምልክት የረሳውን ያስታውሳል እንጂ ያልሰማውን አያስተምርም። ስለዚህ ልጅቱ መጀመሪያ «አንዴ ይምቱልኝ» ትላለች፤ ከዚያ ትመልሰዋለች። ወረቀቱን ማመን የጀመረችው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

በ1955 ዓ.ም. የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝታ ቡልጋርያ ሄደች። ሶፊያ ተመረቀች፤ በፕሎቭዲቭና በቫርና አዳራሾች ብቻዋንም ከኦርኬስትራ ጋርም ተጫወተች። ከነዚያ ኮንሰርቶች የቀረው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው። ነጭ የአገር ልብስ ለብሳ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትታያለች፤ እጆቿ ግን ከመብራቱ ብዛት ነጥተው ጠፍተዋል።

መጠርጠርንም የተማረችው እዚያው ነው። አብራት በምትኖር የአገሯ ልጅ ፊት ስለ ንጉሡ የተናገረችው ቀልድ፣ ሳምንት ሳይሞላው ኤምባሲ ውስጥ ተነበበላት። አገሯ ገብታ ጥቂት ዓመት በየአዳራሹ ከተጫወተች በኋላ ደግሞ አብዮት መጣ። አብሯት የሚጫወት ቫዮሊን መቺ ነበር፤ የገዛ ተማሪው ጠቁሞበት ከቤቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሻሽወርቅ አንድ ተረት ብቻ ነበር የምትተርት፦ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።»

ሳንቃው ከተወሰደ በኋላ እግዜር አደላት። ሐይቁ ዳር ካለው የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ጣልያኖች ትተውት የሄዱት አሮጌ ፒያኖ እንዳለ ሰማች፤ ለኪነት ሥራ ነው ብላ ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት። ፒያኖው በክረምት ከሐይቁ በሚመጣው እርጥበት ያብጣል፤ አንዳንዱ ጥርስ ሲጫኑት እንደሰመጠ ይቀራል፤ በጣት ማውጣት ያሻል። ቢሆንም ድምፅ ነበረው።

ፈቃዱ ግን ከነጠባቂው ነው። የአዳራሹ ቁልፍ የሚገኘው አገርነሽ ዘንድ ነበር። አገርነሽ ባሏ የሞተባት፣ ከደራ፣ ከአንበሳሜ የመጣች ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከሃምሳ ከፍ ያለ፣ አንድ እግሯን የምታነክስ፣ አፏ የማያርፍ። የሻሽወርቅ ልትጫወት በመጣች ቁጥር በሩን ትከፍትና ወንበር ስባ በሩ ሥር ትቀመጣለች፤ እንዝርቷን ታሾራለች፤ እስኪያልቅ አትነሣም። «ብቻዬን ብትተዪኝ» ስትላት «ታዝዤ ነው፣ እቴ የሻሽ» አለቻት። ማን እንዳዘዛት መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

አንድ ቀን አገርነሽ ከወንበሯ ሆና «ይኼኛው ምን ይላል?» አለቻት።

«ምንም አይልም። ቃል የለውም።»

«ቃል ከሌለው ምን ያስለቅስሻል?»

«አላለቀስሁም፣ እትዬ አገርነሽ። ላብ ነው።»

«በይ እሺ፣ ላብ ይሁን። የኛ አገር ላብ በዐይን አይወርድም።»

በሳምንቱ ደሞዝ መንገድ ላይ አገኛትና «ፒያኖውን ስትመቺ ታለቅሻለሽ አሉ። ምን ጎደለሽ? ናፍቆት ነው ወይስ ቅሬታ?» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሻሽወርቅ አዳራሹ ውስጥ ስትገባ ፊቷን ዘግታ፣ ከ«ደህና ዋልሽ» በቀር የማትናገር ሆነች። አገርነሽ ዳቦ ብታካፍላት «ጠግቤአለሁ» ትላለች። ስለ ልጆቿ ብታወራላት «እህ» ብላ ታልፋለች። የምትናገረውን ብቻ ሳይሆን የምትጫወተውንም መጠበቅ ጀመረች፤ የሚያሳዝነውን ትታ የሚፈጥነውን፣ የሚደምቀውን መረጠች።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፤ ጠዋት ጠዋት የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ትገተራለች። እጇ ሳይከዳት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ በደህና ፒያኖ፣ ዝም ብሎ በሚያዳምጥ ሕዝብ ፊት መጫወት።

ይህ በ1974 ዓ.ም. ደጇ ድረስ መጣ። የቡልጋርያ የባህል ልዑካን ሐይቁንና ፏፏቴውን ሊጎበኙ መጥተው በክበቡ ምሳ በሉ፤ የሻሽወርቅም ተጫወተችላቸው። ከእንግዶቹ አንዷ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዋ ሆና ተገኘች፤ ሁለቱ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ደሞዝ በዐይኑ ይቆጥራቸው ነበር። ብዙ ሳይቆይ ለመስከረም ሶፊያ በሚደረግ የሙዚቃ በዓል ላይ እንድትጫወት ተጋበዘች። ከአዲስ አበባም «ቀበሌዋ ከመሰከረላት ትሂድ» ተባለ።

«ሁለት ነዋሪ ይመሰክርልሻል» አላት ደሞዝ። «ማን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ። የታወቀ ምስክር ምስክር አይደለም፤ አማላጅ ነው።»

የሻሽወርቅ የዚያን ሰሞን አባቷን ልትጠይቅ በጀልባ ዘጌ ተሻገረች። መሪጌታ አርጅተዋል፤ ዐይናቸው ደክሟል። ሰላምታውን ሳይጨርሱ «አንቺ ልጅ፣ ከተማ ከማን ተጣላሽ?» አሏት።

«ኧረ ከማንም። ምነው አባዬ?»

«አንዲት ሴት መጥታ የክርስትና ስምሽን ጠየቀችኝ።»

«ምን ዓይነት ሴት?»

«መልኳን ወዴት አይቼው። ጆሮዬ ግን አልደከመም፤ እርምጃዋ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። አነጋገሯ የደራ ነው።»

የሻሽወርቅ አገርነሽን አወቀቻት። «ለምን እንደፈለገችው አልጠየቋትም?»

«ጠይቄአት! ‹አይነገርም፣ አባቴ› አለችኝ። አይነገርም ካለች እኔስ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ሂጂ አልኋት።» መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ቸከል አደረጉ። «ስም እጀታ ነው፣ ልጄ። የሰውን ስም ይዘው ስንት ክፉ የሚሠሩ አውቃለሁ፤ ከኔው ጋር የተማሩ። እጀታሽን ለማታውቂው አትስጪ።»

ስትመለስ ጀልባው ውስጥ ከሰው ሁሉ ተለይታ ተቀመጠች። ድግምቱን አላመነችበትም፤ አልናቀችውምም። ይበልጥ ያስፈራት ሌላው ነበር። በዚያ ዘመን የተያዘ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ሕቡዕ ስሙን ነው፤ በድርጅት ውስጥ የሚጠራበትን፣ ከመንግሥት የደበቀውን ስም። በየሳምንቱ ለቀበሌ ቃል የምታቀብል ሴት፣ ልክ በምስክር ሰሞን፣ ሐይቅ ተሻግራ «ሌላ ስሟ ማን ነው?» ብላ ከጠየቀች፣ ነገሩ ምን ምስጢር አለው? አንድ ቀን ደሞዝ ፊት ቆማ «ይህች ሴት ሌላ ስም አላት፤ አባቷም ደብቀውታል» ብትል ሶፊያ አይደለም ዘጌም አይኬድም።

ጀልባው ወደቡ ሲጠጋ ቆርጣ ነበር። ቀድማ መድረስ አለባት።

በማግስቱ ደሞዝ ቢሮ ገባች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ነገር ላሳስብ መጥቼ ነው» አለች። «የክበቡ ጠባቂ በየደብሩ እየዞረች የሰው የክርስትና ስም ትጠይቃለች። ለማን እንደምትሰበስበው አላውቅም። ብቻ ቃሏን የምታምኑት ከሆነ ተጠንቀቁ።»

ደሞዝ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠ። «አገርነሽ?»

«አዎ።»

«ቃሏ አይታመንም ነው የምትይኝ?»

«አይታመንም።»

«ስለ ማንም ብትናገር?»

«ስለ ማንም።»

ደሞዝ ትኬት እንደሌለው ተሳፋሪ ከእግር እስከ ራሷ አያት። አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ዘጋው። «እንግዲህ» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺ ካልሽ ተቀብለናል።» ፊቱ ላይ ሳቅ የመሰለ ነገር አለፈ። የሻሽወርቅ ሳቁን እንደ ድሏ ቆጥራው ወጣች።

አገርነሽ ቀበሌ ተወስዳ ጥቂት ቀን ታሰረች። ስትፈታ ቁልፉን ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ «የመንግሥት ሥራ ይዛ ከቀሳውስት ጋር ስትዶልት ተገኝታለች» ተብላ ተሰናበተች። አዲሱ ጠባቂ በሩ ሥር አይቀመጥም፤ ከፍቶላት ወደ ዐሣ ገበያ ይሄዳል። የሻሽወርቅ ከስንት ጊዜ በኋላ ብቻዋን ሆና፣ የሚያሳዝነውንም የሚያስደስተውንም ያለ ፍርሃት ተጫወተች። ክረምቱን በሙሉ ለሶፊያ ተዘጋጀች።

መልሱ ነሐሴ ውስጥ መጣ። ቀበሌው አልመሰከረላትም፤ ጉዞው ቀርቷል።

እየሮጠች ደሞዝ ዘንድ ደረሰች። «ምን አጥፍቼ ነው? ማን ምን አለብኝ?»

«ማንም ምንም አላለብሽም።» ወንበር ሰጣት። «አሁን ያለፈ ነገር ስለሆነ እነግርሻለሁ። ሁለት ምስክር ነበሩሽ። አንዱ ከኪነት ቡድኑ ነው፤ ‹ሥራዋን ታውቃለች› ብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ አገርነሽ ነበረች።»

የሻሽወርቅ ከወንበሩ ተነሣች።

«ቃሏን ከሰጠች ቆይታ ነበር፤ አንቺ እዚህ ከመምጣትሽ በፊት። ‹ይህች ሴት ፖለቲካ አታውቅም፣ ሰው አታማም፣ ያለ ያ ሣጥን ዘመድ የላትም፤ ሂዳ ካልመታች ትሞትብናለች› አለች። እኔ ራሴ ሣቅሁ። በየሳምንቱስ ምን የምትነግረኝ መስሎሻል? ‹አለቀሰች፣ ዳቦ ሰጠኋት እምቢ አለች፣ ከሳች።› እስኪሰለቸኝ! አንቺ መጥተሽ ‹ስለ ማንም ብትናገር አይታመንም› አልሽ። ይኸው አላመንናትም። በአንድ ምስክር ደግሞ ሰው ከአገር አይወጣም።»

«ያን ዕለት ለምን አልነገሩኝም?»

«ምስክር አይነገርማ!» አለ ደሞዝ፤ እውነትም የተገረመ ይመስል ነበር። «ደግሞ እኔ ምን ላውቅ? የሁለታችሁን ነገር። ምናልባት አንቺ ልክ ትሆኚ ይሆናል ብዬ ነው።»

ያን ያህል ሰምታም ልቧ አልረጋም። ሴትዮዋ ይህን ያህል የምታዝንላት ከሆነ ስሟን ምን ልታደርገው ጠየቀች? ከመዋሸት የማይመለስ ሰው በአንድ በኩል እያመሰገነ በሌላው ሊያሳስር ይችላል። ይህን እያሰላሰለች እንደገና ዘጌ ተሻገረች፤ ይህን ጊዜ ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ ሄደች።

«አዎን፣ መጥታለች» አሉ ቄሱ ሳይጨነቁ። «ስለት ልትሳል ነው የመጣችው። ‹አንዲት ሴት አለች፣ ሩቅ አገር ትሄዳለች፤ በሰላም ሄዳ በሰላም ከተመለሰች ለታቦቱ ጧፍ አስገባለሁ› አለችኝ። ለማን ብዬ ልያዘው? የክርስትና ስሟን አምጪ አልኋት። የሻሽወርቅ ብዬ በጸሎት አላነሣ!»

«አባቴ ሲጠይቋት አይነገርም አለቻቸው እኮ።»

«እንዴት ትንገራቸው? ስለት ሳይሰምር ይወራል እንዴ? ይህንንማ የመሪጌታ ልጅ አታጪውም።» ቄሱ ትክ ብለው አዩዋት። «በኋላ ስሙን ሳታገኝ ቀረች። እኔም ምን ላድርግ፣ ‹አንዲት አመትህ፣ አንዲት አገልጋይህ› ብዬ ያዝሁላት። እግዚአብሔር ያውቃታል ብዬ።»

የሻሽወርቅ መስቀል ተሳልማ ወጣች። ከደብሩ እስከ ወደቡ ባለው ጥላማ መንገድ ላይ ሰዎች ሰላምታ ሲሰጧት አልመለሰችም፤ በኋላም «ኮርታ ነው» ተብሎ ተወርቷል።

በመስከረም ሶፊያ ላይ በእሷ ቦታ ማን እንደተጫወተ አይታወቅም። የሻሽወርቅ ከዚያ ወዲያ ኮንሰርት አልተጫወተችም። የክበቡ ፒያኖ በሁለተኛው ክረምት ውስጡ በስብሶ ተጣለ፤ እሷ መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ የኪነቱን ልጆች አኮርዲዮን ስታስተምር ኖረች። በ1985 ዓ.ም. አርፋ ዘጌ ተቀበረች። ጣቶቿን በሚመለከት ሐኪም የጻፈው ነገር የለም፤ የሚያውቋት ግን እስከ መጨረሻው ደህና ነበሩ ይላሉ።

የሻሽወርቅ አገርነሽ ቤት የሄደችው ጉዞው ከቀረ በኋላ በመጣው ኅዳር ላይ ነው። ያን ያህል የዘገየችው ምን እንደምትል ስላላወቀች ነበር።

ቤቱ ከገበያው በላይ፣ ከሌሎች ጎጆዎች ጋር አጥር የተጋራ ነው። አገርነሽ ደጅ ላይ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ጌሾ እየቀነጠሰች ትስቅ ነበር። የሻሽወርቅን ሲያዩ ሁለቱ ሴቶች ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡ፤ «ለካ እሳት ላይ ድስት ጥጄ ኖሯል» አለች አንዷ፤ ሌላዋ ምክንያት እንኳ አልፈለገችም።

«እትዬ አገርነሽ፣ እንደምን ዋልሽ?» አለች የሻሽወርቅ።

አገርነሽ እያነከሰች ብድግ አለች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እግዚ...» ብላ ጀምራ ዋጠችው። «ደህና ነኝ። መንግሥት ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ቄሱን አግኝቻቸዋለሁ። ሁሉን ነግረውኛል።»

«የምን ቄስ?» አገርነሽ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «እኔ ቄስ አላውቅም። አጥፍቼ ነበር፣ ቀበሌ አርሞኛል። ልጆቼ መሠረተ ትምህርት ገብተዋል። በየስብሰባው እገኛለሁ።»

«ኧረ ቀስ ብለሽ አውሪኝ። እኔ እኮ ነኝ።»

«አወቅሁሽ እኮ» አለች አገርነሽ። ዐይኗ አጥሩን፣ ከአጥሩ ጀርባ የቆሙትን ጎረቤቶች፣ ከዚያ መንገዱን ዞሮ መጣ። «ስላወቅሁሽ ነው ጮክ የምል። ሁሉም ይስማ። በኋላ አላለችም፣ ብላለች እንዳይባል።»

«እኔ ምንም አልልም። ለማንም።»

በአገርነሽ ፊት ላይ ጥላቻ የሚባል አልነበረም፤ የቀበሌ ሰው ደጁ የመጣበት ሰው የሚያሳየው ጨዋነት ነበር። ወንበር በነጠላዋ ጠርጋ አቀረበችላት።

«ተቀመጪ፣ ጓድ። የምትጠይቂኝ ካለ ጠይቂኝ።»

የሻሽወርቅ አልተቀመጠችም። ወደ መጣችበት ዞረች። መታጠፊያው ላይ ደርሳ መለስ ብላ ስታይ አገርነሽ ገና ደጇ ላይ ቆማ ነበር፤ እጇን አጣምራ፣ ወንበሩን ሳታነሣ፣ ከዐይኗ እስክትሰወር ትጠብቃለች።